ሁሉም በየደቂቃው ቪዲዮ በሚለቅበት ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ምን ይሁን?

ጭቃ_አቡኪ፦

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ስቶፕ ሞሽን እሠራለሁ፣ በጭቃ። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገረው። ውስጡ ሽቦ ያለው ትንሽ የጭቃ ሰው አለ። እጁን በጥቂቱ አንቀሳቅሳለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ። ደግሞ በጥቂቱ፣ ደግሞ ፎቶ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። እኛ ብዙ ጊዜ አንዱን ፎቶ ለሁለት ፍሬም እናውለዋለን። ያም ሆኖ ለአንድ ሰከንድ 12፣ ለአንድ ደቂቃ 720 ፎቶ ይፈልጋል። መሃል ላይ ካሜራውን በክርንህ ነካ ካደረግከው አለቀልህ። የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ካለ ደግሞ ሥራው ሁሉ ሲርገበገብ ይታያል።

በቅርቡ የለቀቅሁት ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። አንድ ሽማግሌ ካፖርቱን ለብሶ አንድ በአንድ ይቆልፋል። በር ይንኳኳል። ታሪኩ ይኸው ነው። ከካፖርቱ ቁልፎች አንዷ ከሌላ ልብስ የመጣች ናት፣ ቀለሟ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም። በሩ ሲንኳኳ ሽማግሌው ያቺን ቁልፍ በእጁ ይሸፍናል። ከዚያ ይከፍታል። ይህን ለመሥራት ወራት ፈጅቶብኛል።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሁለት መስመር ጽፎ የሚጨፍሩ የጭቃ ድመቶች አስወጣ። ቆንጆ ናቸው፣ አልዋሽም። ገላቸው ላይ የጣት አሻራ ሳይቀር አለ! የማን ጣት እንደሆነ እንጃ። ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ። እኔ ጋ የመጡት አስተያየቶች ደግሞ ምን ይላሉ? "ብሮ በየትኛው አፕ ነው የሠራኸው?"

ኤአይ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚለውን አላነሳም፤ እሱ ላይ ስንጨቃጨቅ ከርመናል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ተመልካቹ ልዩነቱን ካላየው፣ ልዩነት አለው ብሎ መድከም ምን ይባላል? ጓደኞቼ "በሳምንት ሦስት አጫጭር ልቀቅ፣ አልጎሪዝሙ ይወድሃል" ይሉኛል፤ ቪዲዮ ለማን እንደሚታይ የሚመርጠውን የመድረኩን ፕሮግራም ማለታቸው ነው። ልስማቸው ወይስ በያዝኩት ልግፋ? ማባበያ አልፈልግም።

ቁጥር_ወዳድ፦

ማባበያ አልፈልግም ማለትህ ጥሩ ነው፤ እኔም አልችልበትም።

ዩቲዩብ ራሱ ከዓመታት በፊት በሰጠው አኃዝ፣ በየደቂቃው ከ500 ሰዓት በላይ ቪዲዮ ይጫንበታል። ያንተ ፊልም ተጀምሮ እስኪያልቅ 1,250 ሰዓት ተጨምሯል ማለት ነው። አንድ ሰው እንቅልፍ ሳይተኛ ልየው ቢል 52 ቀን ይወስድበታል። ይህ እንግዲህ የድሮው ቁጥር ነው። "ለምን አላዩኝም" ስትል ይህንን አስብ።

የእይታ ቁጥሩን ግን እንደ ፍርድ አትውሰደው። ሳልጋኒክ፣ ዶድስ እና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 "ሳይንስ" መጽሔት ላይ ያወጡት ሙከራ አለ። ከ14,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ስማቸው የማይታወቅ ባንዶች የሠሯቸው 48 ዘፈኖች ቀረቡ። ተሳታፊዎቹ በተለያዩ ቡድኖች ተከፋፈሉ። በአብዛኞቹ ቡድኖች ውስጥ፣ ከነሱ በፊት የገቡት ሰዎች የትኛውን ዘፈን ምን ያህል እንዳወረዱት ይታያል። ከዚያ ምን ሆነ? ያው አንድ ዘፈን በአንዱ ቡድን አናት ላይ ሲወጣ በሌላው ቡድን ወደ ታች ወረደ። በጣም ጥሩዎቹ ሙሉ በሙሉ የወደቁበት ጊዜ ጥቂት ነው። በጣም ደካሞቹም ያሸነፉበት ጊዜ ጥቂት ነው። መሃል ያሉት ግን እንደ ዕድላቸው ሆኑ። ቀድመው የገቡት ምርጫ ነው የኋለኞቹን የጎተተው።

ስለዚህ ትንሽ ሰው ስላየህ ሥራህ መጥፎ ነው አይባልም። ጥሩ ነውም አያሰኝም። ቁጥሩ ስለዚያ ብዙም አይናገርም፤ ይህን የምልህ ቁጥር የምወድ ሰው ነኝ።

ሌላው ደግሞ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ለአንድ ደቂቃ 720 ጊዜ መንካትህ ለተመልካቹ ምኑም አይደለም። እሱ የሚያየው የወጣውን ነው። የፈጀብህን ጊዜ ማንም አይከፍልህም።

የድምፅ_ሰው፦

እኔ ዘፈን ሚክስ አደርጋለሁ፣ የተቀረጹትን ድምፆች አዋህጄ አመጣጥናለሁ። "በሳምንት ሦስት ልቀቅ" የሚለውን ምክር በእኛ ሙያ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

ስፖቲፋይ በተባለው የሙዚቃ ማዳመጫ መድረክ ላይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲያልፍ ነው። ከዚህ ወዲህ ረዘም ያለ መግቢያ እንደ ቅንጦት ይታያል። ደንበኛ ይመጣና "አዝማቹን ወደፊት አምጣልኝ፣ ሰው ያልፈዋል" ይልሃል። ቀስ ብሎ የሚገባ ነገር ሁሉ ይቆረጣል። እንዲህ አድርጉ ብሎ ሕግ ያወጣ የለም። መለኪያው ነው ሥራውን እየቀረጸው የመጣው። እዚያው ስፖቲፋይ ላይ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ፣ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከቀረጻው የሚያገኘው ክፍያ የለም።

ብዛት የሚጠቅመው እጅግ ብዙ ለሚያመርት ነው። አንተ በሳምንት ሦስት ስትለቅ፣ ያኛው በቀን ሠላሳ ይለቃል፤ ያውም ተኝቶ። በዚያ ሜዳ ገብተህ ማንን ትቀድማለህ?

ፈጣን ሥራ ሁሉ ገለባ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በአንድ ቀን ያለቀ፣ እስካሁን የምኮራበት ሚክስ አለኝ። ለዓመት የተጎተተ፣ ሲያልቅ ነፍስ ያልነበረውም አለኝ።

ፈጣኑ፦

ድመቶቹ የእኔ አይደሉም፣ የምሠራው ግን እንደዚያ ነው። አንድ ሰው በእኛ በኩል ይናገር ብዬ ነው።

ካሜራ የለኝም፣ ስቱዲዮ የለኝም፣ እጄም እንዳንተ አይታዘዝልኝም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ላወጣው የቻልኩት በዚህ መሣሪያ ነው። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል። ይህ ወንጀል ነው?

እውነቱን ልናገር ካላችሁ ግን፣ አብዛኛው የለቀቅሁት በሳምንቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ሰው አይቶ ያልፋል፣ እኔም ራሴ እረሳዋለሁ። አስተያየት ላይ ሰዎች እስካሁን የሚያነሱብኝ አንድ ቪዲዮ አለ። እሱ ላይ ማሽኑ የሰጠኝን ሁሉ "አይ፣ እንዲህ አይደለም" እያልኩ ስመልስ ነበር የከረምኩት። ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የአውቶቡስ ፌርማታ ነው። ለምን እንደዚያ እንደፈለግኩት ብትጠይቁኝ አላውቅም። ማሽኑ ግን በየዙሩ ጀልባ ሊያደርግልኝ ይሞክር ነበር።

ተመልካች_ብቻ፦

እኔ ምንም አልሠራም፣ አያለሁ ብቻ። ጽሑፍህን አንብቤ ፊልሙን ልፈልግ ፕሮፋይልህ ውስጥ ገባሁ። ወንድሜ! ርዕሱ "ፕሮጀክት 7 የመጨረሻ የመጨረሻ" ነው የሚለው። የሽፋን ምስሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከሥሩ አንድ መስመር ማብራሪያ የለም። ይህን ማን ፈልጎ ያገኘዋል? አልጎሪዝሙ ምን ብሎ ለማን ያሳየው? ወራት ለፍተህ ስም ለማውጣት አንድ ደቂቃ ነፈግከው።

ለማንኛውም አየሁት። ቁልፏን የሚሸፍንበት ጋ ስደርስ ወደኋላ መልሼ አየሁት። መጀመሪያ እጁን ለምን እዚያ እንዳደረገ አልገባኝም ነበር። ድመቶቹንም አይቻቸዋለሁ፣ ስቄ አለፍኩ። ስንት እንደነበሩ ብትጠይቀኝ ግን አልነግርህም።

ቀይ_እስክሪብቶ፦

ዘግይቼ ነው የደረስኩት። የአንዲት ትንሽ የአጭር ልብ ወለድ መጽሔት አርታኢ ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው ማንበብ ነው። የቀረው ደግሞ "ስለላኩልን እናመሰግናለን፣ ይሁን እንጂ" ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ መጻፍ።

ሲያዙት ጽሑፍ የሚጽፈው ኤአይ፣ ቻትጂፒቲ፣ ለሕዝብ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ነው። ወዲያው በፌብሩዋሪ 2023 ክላርክስወርልድ የተባለው የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት በማሽን የተጻፉ ታሪኮች ስላጥለቀለቁት ለጊዜው ማንም ምንም እንዳይልክለት ዘጋ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አማዞን መጽሐፋቸውን ራሳቸው ለሚያሳትሙ ሰዎች ገደብ አወጣ፦ አንድ ሰው በቀን ከሦስት አዲስ መጽሐፍ በላይ ማውጣት አይችልም ተባለ። በቀን! ይህ እንግዲህ ገደቡ ነበር።

እኛም ጋ ደረሰ። ያየሁት ግን ሰው የሚገምተውን አይደለም። ታሪኮቹ መጥፎ አይደሉም። ሰዋስዋቸው ከብዙ ደራሲ ይሻላል። ችግሩ መመሳሰላቸው ነው። ዝናብ መስኮት ሲመታ ይጀምራል። የሞተች አያት የተወችው ደብዳቤ ከመሳቢያ ይወጣል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ፀሐይ ትወጣለች። አንዱን ብቻ ብታነበው ደህና ነው ትላለህ። ብዙውን በአንድ ቀን ስታነብ ግን የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋሃል።

ዶሺ እና ሃውዘር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2024 "ሳይንስ አድቫንስስ" ላይ ይህንኑ በጥናት አሳይተዋል። ከኤአይ ሐሳብ የተሰጣቸው ጸሐፊዎች ታሪካቸው በአንባቢ ዘንድ የተሻለ ነጥብ አገኘ። በተለይ የፈጠራ ችሎታቸው ደከም ያለው በደንብ ተጠቀሙ። ታሪኮቹ ግን እርስ በርሳቸው ይበልጥ ተመሳሰሉ። እያንዳንዱ ጸሐፊ አትርፏል። ሁሉንም ለማንበብ የተፈረደባት እንደ እኔ ያለችው ናት የከሰረችው።

አሁን የተቀበልነውን አንድ ታሪክ ልንገርህ። የላከው ሰው ሊፍት ጠጋኝ ነው። የፊደል ግድፈቱ መከራ ነበር። ገና በመጀመሪያው ገጽ ግን ያዘኝ። ጠጋኙ ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ቆሞ በዝግታ ሲወጣ፣ በየፎቁ በር ክፍተት የሰው ድምፅ ይሰማል። አንዱ ፎቅ ላይ ሳቅ፣ ቀጥሎ ጭቅጭቅ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ይቅርታ መጠየቅን ሲለማመድ። የማንንም መጨረሻ አይሰማም፣ ሊፍቱ ያልፋላ። ታሪኩ የቆመው በዚህች ላይ ነው። ማሽን ይህን መጻፍ አይችልም አልልህም። ብታዝዘው ይጽፍልሃል። ግን ማን ያዘዋል? ለማዘዝ እኮ መጀመሪያ እዚያ ጣሪያ ላይ ቆሞ መስማት ያስፈልጋል።

ወደ አንተ ልመለስ። "በየትኛው አፕ" ያሉህ ሰዎች ያዩት ጭቃውን ነው። ጭቃውን ብቻ ላየ ሰው ደግሞ ጥያቄው ትክክል ነው። የጭቃ መልክ ረክሷል፤ ይህን ዋጥ አድርገው። ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ለሕዝብ ይፋ ከሆነ በኋላ፣ የእጅ መዳፍ በምታህል ሰሌዳ ላይ የሰው መልክ እየሣሉ ይተዳደሩ የነበሩ ሠዓሊዎች ገበያ ደረቀ። ደንበኛቸው የሚፈልገው መልኩን ነበር። መልኩን ካሜራው በርካሽ ሰጠው። ከመልክ ሌላ የሚሰጠው ነገር የነበረው ሠዓሊ ግን መሣሉን ቀጠለ።

አንተ ጋ ያልረከሰችው ቁልፏ ናት። እንግዳ ሲመጣ የማትገጥም ቁልፉን የሚሸፍን ሽማግሌ ከየት አመጣህ? ከአንድ ሰው አይተሃል፣ ወይም ራስህ አድርገኸዋል። ተመልካች_ብቻ ወደኋላ መልሶ ያየው እሷን ነው። የጣት አሻራህን አይደለም። ፈጣኑም ቢሆን እኮ የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ የአውቶቡስ ፌርማታውን ከጀልባነት ያዳነው እሱ ነው። ያቺ ግትርነት የማሽን አይደለችም።

ቁጥር_ወዳድን ግን በአንድ ነገር ልቃወም። ልፋት ለብቻው ዋጋ የለውም ማለትህ ልክ ነው። ለዓመታት ተለፍቶባቸው አንድም የራሳቸው ነገር የሌላቸውን ጽሑፎች መልሻለሁ። ቀስ ማለት ግን የሚሰጠው ነገር አለ። ለአንድ ሰከንድ 12 ጊዜ የሚነካ ሰው 12 ጊዜ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። እጁ ቁልፏ ላይ ስንት ፍሬም ይቆይ? ቀድሞ ይሸፍናት ወይስ በሩን ዞር ብሎ ካየ በኋላ? በሩን ሲከፍት እጁን ያነሳል ወይስ እንደሸፈነ ሰላምታ ይሰጣል? እነዚህን ካልወሰንክ መሣሪያው ይወስንልሃል። እሱ ደግሞ የሚያውቀው አብዛኛው ሰው የሚያደርገውን ነው።

በሳምንት ሦስት የሚሉህን አትስማቸው። መልቀቅ ካማረህ ትልቁን ሥራ ስትሠራ የሚወጡትን ቁርጥራጮች ልቀቅ። ሽቦውን ስታጥፍ። የሽማግሌው እጅ ተገንጥሎ የወደቀበትን። ሌላ ሥራ አይጨምርብህም፤ የቁልፏን ነገር የሚረዱ ሰዎችም በዚያው ያገኙሃል።

ቁጥር_ወዳድ፦

ተቃውሞሽን በግማሽ ተቀብያለሁ። ያልተቀበልኩት ግማሽ፣ ተመልካቹ ቁልፏን ሳያይ የሚሄድ ከሆነ ውሳኔው ስንት ፍሬም ቢፈጅ ለውጥ የለውም። ርዕሱና የሽፋን ምስሉ ቀልድ አይደለም።

መመሳሰሉ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በጁላይ 2024 "ኔቸር" ላይ የወጣ ጥናት አለ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትን የቋንቋ ሞዴሎች ራሳቸው ባመነጩት ጽሑፍ ደጋግመው ሲያሠለጥኗቸው ምን እንደሚሆኑ ያየ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ጠርዝ ላይ ያለው፣ ብርቅ የሆነው ነገር ነው። መሃሉ ይቀራል፤ ቆይቶ እሱም ይበላሻል። እንግዲህ ኢንተርኔቱ በማሽን ጽሑፍ በተሞላ ቁጥር ሊፍት ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው የጻፈው ለማሽኖቹም ጭምር ያስፈልጋል ማለት ነው። የሚከፍሉት ከሆነ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሳን፦ የቴክኖሎጂ ጸሐፊው ኬቨን ኬሊ በ2008 የጻፈው የታወቀ ሐሳብ አለ። አንድ ፈጣሪ ለመኖር ሚሊዮን ተከታይ አያስፈልገውም፣ እያንዳንዳቸው በዓመት 100 ዶላር ያህል የሚያወጡለት አንድ ሺህ እውነተኛ ወዳጆች ይበቁታል የሚል። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ሺህ ሰው በጣም ብዙ ነው፣ ብዙዎች መቶም አያገኙም። ቢሆንም ከእይታ ቁጥር ይልቅ እሱን ብትቆጥር ይሻላል። ኢሜይል ሰብስብ። መድረኩ ነገ ሕጉን ቢቀይር ሰዎችህ አብረውት አይጠፉም።

ጭቃ_አቡኪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ርዕሱን ቀይሬዋለሁ፣ አሁን "ካፖርቱ" ነው የሚለው። ተመልካች_ብቻ፣ የሽፋን ምስሉንም አበራሁት፤ አትሳቅብኝ።

ቀይ_እስክሪብቶ፣ ቁልፏ የአጎቴ ናት። በሕይወት ስላለና ስልክም ስላለው ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በአንድ ነገር ግን አልተስማማሁም። ጭቃው ረክሷል ያልሽው ልቤ ላይ አልተቀመጠም። እኔ ጭቃውን እወደዋለሁ። ማንም ባያየው ለራሴ ስል በጭቃ ነው የምሠራው። ይህን እንደ ክርክር አትቁጠሩት፣ እንዲሁ ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ርዕሱ ላይ "ያለ ኤአይ የተሠራ" ብዬ ልጻፍበት?

ቁጥር_ወዳድ፦

ጻፍበት። ዩቲዩብ ከማርች 2024 ጀምሮ እውነተኛ የሚመስል ነገር በኤአይ የሠራ ሰው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። አኒሜሽን መሆኑ በግልጽ የሚታወቀውን ግን አይመለከትም። ስለዚህ የድመቶቹ ባለቤት የመናገር ግዴታ የለበትም። አንተም ካልተናገርክ ሁለታችሁ ጎን ለጎን ያለ ምልክት ትቀመጣላችሁ።

ቀይ_እስክሪብቶ፦

ማብራሪያው ውስጥ ይግባ። ርዕሱ ላይ ግን አይሁን። ርዕሱ ላይ ካየው ተመልካቹ ሁለት ደቂቃ ተኩሉን በሙሉ "የታል ታዲያ?" እያለ የተጭበረበረበትን ቦታ ሲፈልግ ይጨርሰዋል። ቁልፏ ታመልጠዋለች።

የጭቃውን ነገር ደግሞ ትቼልሃለሁ። በፍቅር ጉዳይ አልገባም።

ፈጣኑ፦

እኔ የእኔዎቹ ላይ "በኤአይ የተሠራ" ብዬ መጻፍ ጀምሬያለሁ። እስካሁን ማንም ጥሎኝ አልሄደም። ካፖርቱን ደግሞ አይቼዋለሁ። በአንድ ጊዜ አልገባኝም፣ በሁለተኛው ገባኝ።

የድምፅ_ሰው፦

ሁሉም አለቀ? እንግዲህ እኔ የምለው አለኝ። የበሩ ማንኳኳት ድምፅ በጣም ጎልቷል፣ ሰውየው ቁልፏን ሳይሸፍን በፊት ተመልካቹን ያስደነግጠዋል። የካፖርቱ ጨርቅ ኮሽታም ጭራሽ የለም። ፋይሉን ለየብቻ አድርገህ ላክልኝ፣ ቅዳሜ እጄ ባዶ ነው።